በወሎ ተራሮችና ደኖች ወፍና የዱር እንስሳ ለማየት ለምትነሱ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ቦረናና ላሊበላ አካባቢ ወፍና የዱር እንስሳ ለማየት የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። ብዙዎቹ ጠያቂዎች ከአዲስ አበባ የሚነሱ ናቸው። ደሴ ተወልደው አድገው የጎፍ የተባለው ተራራ ጫካ ገብተው የማያውቁም አሉ። መልሱ ለሁለቱም ነው።

ወፍ ለማየት ሰው ባሌ ወይም ሰሜን ተራሮች ይሄዳል። ወሎ ምን አለ?

ከፍታ አለ። ከከሚሴ አጠገብ ያለው የጨፋ ረግረግ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከላሊበላ በላይ ያለው አቡነ ዮሴፍ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በመካከሉ ቆላው፣ ወይና ደጋው፣ ደጋውና ውርጩ በየተራ ይመጣሉ። ወፎቹም በዚሁ ልክ ይቀያየራሉ። ረግረጉ ላይ ያያችሁትን ሽመላ የጽድ ጫካ ውስጥ አታገኙትም። ጫካው ውስጥ ያለው ቱራኮ የተባለ አረንጓዴ ወፍ ጅብራ ወደሚበቅልበት የውርጭ ሜዳ አይወጣም።

ሌላው ደጋው ወደ አፋር የሚወርድበት ገደል ነው። መጸው ላይ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ንስሮችና ጭልፊቶች ቀይ ባሕርን በባብ ኤል መንደብ በኩል ተሻግረው ይገባሉ። ከገደል አፋፍ የሚነሳ ሙቅ አየር ለእነሱ ነጻ ጉልበት ነው። ክንፋቸውን ዘርግተው፣ ሳያርገበግቡ ይንሳፈፉበታል። ጥቅምት ላይ ረፋድ አካባቢ አንድ አፋፍ ላይ ቁጭ ብሎ ወደ ምሥራቅ ማየት ብቻውን አንድ ቀን ያስውላል።

እውነቱን ለመናገር ወሎ እንደ ባሌ የተዘጋጀ የጎብኚ መንገድ የለውም። ምልክት የተተከለበት የእግር መንገድና በየቦታው ሎጅ የሚፈልግ ሰው ይቸገራል። ተራራውን ከነነዋሪው ማየት የሚፈልግ ግን በደንብ ይካሳል።

መቼ ልሂድ?

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለውን ጊዜ የሚያህል የለም። ዝናቡ ቆሟል። አየሩ ታጥቧል፤ ሩቅ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። እርሻው ዳር ያሉ ትናንሽ ወፎች ወንዶቹ ገና የመራቢያ ላባቸውን አልጣሉም። በሌላ ጊዜ ድንቢጥ የሚመስለው ወፍ ያኔ ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ለብሶ ታዩታላችሁ። ከሰሜን የሚመጡት ስደተኛ ወፎችም የሚገቡት በዚሁ ወቅት ነው። አብዛኞቹ እስከ መጋቢትና ሚያዝያ ይቆያሉ።

ታኅሣሥና ጥር ደረቅ ናቸው። መንገዱ ይመቻል፣ ሌሊቱ ግን ይገርፋል። ከየካቲት በኋላ በልጉ ሊገባ ይችላል። ወሎ የበልግ አገር ነው፤ ደጋው ላይ ያ ዝናብ ሲመጣ መንገዱ ይጨቀያል። ክረምቱን፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴን፣ ለዚህ ጉዞ አልመክርም። ጉሙ ከጠዋት እስከ ማታ ገደሉን ሊሸፍነው ይችላል።

ሁለት ቀኖች ልብ በሉ። መስከረም 21 ግሸን ማርያም ናት። በዚያ ሰሞን ደሴ አልጋ ማግኘት ከባድ ነው፣ መንገዱም በምእመናን ይሞላል። በገና ሰሞን ደግሞ ላሊበላ እንደዚያው ነው። ለበዓሉ ከሄዳችሁ መልካም። ለወፍ ከሆነ ሌላ ሳምንት ምረጡ።

ጸጥታው እንዴት ነው?

ይህ ጥያቄ ከአልጋና ከመኪና በፊት ይቅደም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የትጥቅ ግጭት አለ። መንገዶች ይዘጋሉ፣ ይከፈታሉ። ዛሬ ሰላም የሆነ ወረዳ በሚቀጥለው ሳምንት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ እዚህ ገጽ ላይ «አዎ ሂዱ» ወይም «አትሂዱ» ብሎ መጻፍ ማንንም አይጠቅምም።

የሚጠቅመው ይህ ነው። ልትሄዱበት ያሰባችሁት ወረዳ ውስጥ ያለ ሰው ጋ ደውሉ። ደሴ ያለ ዘመድ ስለ ደሴ ያውቃል፤ ቦረና ውስጥ ስላለው የመካነ ሰላም መንገድ ግን እዚያ ያለ ሰው ነው የሚያውቀው። የአውቶቡስና የሚኒባስ ሾፌሮች ከሁሉም ቀድመው ይሰማሉ። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ማታ፣ ከዚያም ጠዋት ላይ እንደገና ጠይቁ። የሰዓት እላፊ ካለ እወቁት። በቀን ብቻ ተጓዙ። ወታደራዊ ቀለም ያለው ልብስ፣ ኮፍያም ሆነ ቦርሳ፣ ጨርሶ አትያዙ። አገሬው «ዛሬ ይቅርባችሁ» ካላችሁ ይቅርባችሁ። ወፉ የትም አይሄድም።

ስንት ቀን ይበቃል? ከየትስ ልጀምር?

ከታች ጀምሩና ወደ ላይ ውጡ። የምንመክረው ዕቅድ ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ብዙ ሰው ከተማ ቆጥሮ ያቅዳል፦ ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ወልድያ፣ ላሊበላ። ከዚያ ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቅና «ብዙም ወፍ የለም» ብሎ ይመለሳል። ከፍታ ቆጥራችሁ ብታቅዱ በአጭር መንገድ ብዙ ታያላችሁ። ሰውነታችሁም ቀስ እያለ ብርዱንና ስስ አየሩን ይለምዳል።

አንድ ሳምንት ካላችሁ ደቡቡ ላይ ብቻ ቆዩ። መነሻውን ኮምቦልቻ አድርጉ። ከአዲስ አበባ 376 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታውም ከ1,900 ሜትር በታች ስለሆነ አይከብድም። አንዱን ጠዋት ለጨፋ ስጡ። የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ሰፊ ረግረግ ነው። በበጋ የአፋር፣ የኦሮሞና የአማራ አርብቶ አደሮችና አርሶ አደሮች ከብት ያሰማሩበታል። ከከብቱ እግር ሥር ሽመላው፣ ዳክዬውና ነጫጭ ሳቢሳዎቹ ይለቅማሉ። ቀጥሎ ሁለት ጠዋት ለየጎፍ። ስለ እሱ ለብቻው እንመለስበታለን።

ከዚያ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ ትወጣላችሁ። ከተማዋ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ጦሳ ተራራ ከላይ ቆሞ ያያታል። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ሐይቅና ሐርዲቦ የተባሉትን ሁለት ሐይቆች እዩ። ሐይቅ የተባለው እስከ 88 ሜትር ይጠልቃል፤ ዳሩ ላይ ያለው ቄጠማና ሸንበቆ ግን ለወፍ የተሠራ ነው። ፔሊካን፣ ዳክዬ፣ ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ የሚሞቅ ዓሣ በል፣ ራሱ ነጭ የሆነው ዓሣ አጥማጅ ንስርም አለ። የዚህን ንስር ጩኸት አንዴ የሰማ ሰው አይረሳውም።

መጨረሻ ላይ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጉጉፍቱና ወደ አቀስታ ከፍታ ውጡ። ጊዜና መንገድ ከፈቀደ ቦረና ውስጥ እስካለው ደንቆሮ የተባለ ጫካ ዝለቁ። ላሊበላና አቡነ ዮሴፍ ለሌላ ጊዜ ይቆዩ። እነሱ ራሳቸውን የቻሉ ጉዞ ናቸው።

አንድ ጫካ ውስጥ ሁለት ጠዋት ማሳለፍ ሁለት ጫካ ውስጥ አንድ አንድ ጠዋት ከማሳለፍ ይበልጣል። የመጀመሪያው ቀን መንገድ መልመጃ ነው። በሁለተኛው ቀን ነው ዓይን የሚከፈተው።

በቀን ውስጥ ጥሩው ሰዓት የቱ ነው?

ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት። ከዚያ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ እስኪመሽ። እኩለ ቀን ላይ ጫካው ዝም ይላል። ምሳ ብሉ፣ ተኙ፣ መንገድ ተጓዙ። ትልልቆቹ አሞራዎች ግን በተቃራኒው ናቸው። አየሩ ሳይሞቅ ከገደሉ አይነሱም፤ ስለዚህ ከ3 ሰዓት በኋላ ሰማዩን ተመልከቱ።

የጎፍ ጫካ ውስጥ ምን አገኛለሁ?

የጎፍ ከኮምቦልቻ በላይ ያለ ተራራ ነው። ጫፉ 3,000 ሜትር ይደርሳል። ጽድና ወይራው ጥንታዊ ደን ነው፤ በዙሪያው ደግሞ የተተከለ ባሕር ዛፍ አለ። ባሕር ዛፉን ቶሎ እለፉት። ብዙ ወፍ የለበትም። አገር በቀሉ ዛፍ ሲጀምር ድምፁ ራሱ ይቀየራል።

መጀመሪያ የምትፈልጉት ነጭ ጉንጩን ቱራኮ ነው። የዶሮ ያህል የሚረዝም አረንጓዴ ወፍ ነው፤ ጉንጩ ላይ ነጭ አለው። ቅርንጫፍ ላይ ከመብረር ይልቅ ይሮጣል። ቅጠሉ መሀል ቆሞ ዓይናችሁ ሥር ሊያመልጣችሁ ይችላል። ሲበር ግን ክንፉ ውስጥ ያለው ደማቅ ቀይ ይገለጣል። የብዙ ወፎች ሰማያዊና አረንጓዴ ከብርሃን አመላለስ የሚመጣ ነው፤ የዚህ ወፍ ቀይ ግን መዳብ ያለበት እውነተኛ ቀለም ነው። እኔ ከወሎ ወፍ ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል እሱን ነው የምመርጠው።

ትንሿ አረንጓዴ በቀቀንም አለች። ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ፈጠን ብለው፣ እየጮሁ ያልፋሉ። ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው። የጽድ ፍሬና የሾላ ፍሬ ይወዳሉ። ቢጫ ሆኖ ራሱ ጥቁር የሆነ፣ ዋሽንት በመሰለ ድምፅ የሚያፏጭ ወፍ ከሰማችሁ ኦርዮል ነው። ግንደ ቆርቁሩን በመቆርቆሩ ታውቁታላችሁ። ከወፍ ውጭ ጦጣ፣ ሚዳቋና ድኩላ አሉ። ድኩላ ንጋት ላይ ጫካው ከሜዳው በሚገናኝበት ቦታ ይቆማል። ኮሽታ ከሰማ ግን የለም።

አንድ ምክር። ያፈራ ሾላ ወይም ዋርካ ካገኛችሁ ከዚያ አትነሱ። ሥሩ ተቀመጡና ጠብቁ። እርግቡ፣ ቱራኮው፣ በቀቀኑ፣ ፍሬ በሊታው ሁሉ እየተቀባበለ ይመጣል። ጫካ ለጫካ ስትዞሩ ከምታዩት ይበልጣል።

ጫካ ለመግባት ጊዜ የለኝም። ከተማ አጠገብስ?

የቤተ ክርስቲያን ደን ግቡ። ደጋው ላይ ዙሪያው ሁሉ ተመንጥሮ አሮጌ ጽድና ወይራ የተረፈው ብዙ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። በአንዳንድ የሸሆች መቃብርና መስጊድ ዙሪያም ያው ነው፤ ዋርካው ስለተከበረ አልተቆረጠም። ንጋት ላይ አንድ ሰዓት ብትቆዩ ይበቃል። መጀመሪያ ግን አባቶችን አስፈቅዱ። ቅዳሴ ላይ ከሆኑ ውጭ ጠብቁ። ሴቶች ነጠላ ይያዙ።

የሐይቅ እስጢፋኖስን በተመለከተ፦ የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም። ከሐይቁ ዳር ያለው እይታ ግን ለሁሉም ነው፤ ወፉም የሚበዛው እዚያው ዳሩ ላይ ነው።

ደንቆሮ ጫካ ሩቅ ነው ይሉኛል። ያዋጣል?

ሩቅ ነው። ያዋጣል።

ከደሴ እስከ መካነ ሰላም 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጫካው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ እምብርት ነው። ፓርኩ 15 ሺህ ሄክታር ገደማ ይሆናል፤ ከ1,900 ሜትር ተነስቶ ወደ 3,700 ሜትር ይወጣል። ከታች ጥቅጥቅ ያለ ደን አለ። ወጣ ሲባል ኮሶና አምጃ ይመጣል። ከዚያ አስታው። ከላይ ጓሳና ጅብራ። ይህን ሁሉ በአንድ ቁልቁለት ላይ የምታዩበት ቦታ በአገራችን ብዙ አልቀረም።

ጉሬዛ ከታች ጫካው ውስጥ አለ። ጥቁር ገላው ላይ ነጭ ካባ ደርቦ ከዛፍ ዛፍ ሲወረወር ታዩታላችሁ። ንጋት ላይ የሚያሰማው የሚያጓራ ድምፅ ሸለቆውን ይሞላዋል። ድኩላ፣ ሰስ፣ ሽኮኮ፣ ጭላዳና ጅብ አሉ። ነብርም አለ፣ ግን እሱን አያለሁ ብላችሁ አትሂዱ፤ ኮቴውን ካያችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ቀይ ቀበሮ ከላይ ሜዳው ላይ ነው።

ቢያንስ ሁለት ሌሊት ያዙለት። አንዱ ቀን ለታችኛው ደን፣ ሌላው ለላይኛው ሜዳ። በአንድ ቀን ወጥቶ መውረድ ይቻላል፤ ግን ጉልበት ትጨርሳላችሁ እንጂ እንስሳ አታዩም።

ቀይ ቀበሮ በእርግጥ አያለሁ?

«በእርግጥ» የሚላችሁን ሰው አትመኑ። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ናቸው የቀሩት። ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው፣ አብዛኞቹም ባሌ። ወሎ ያሉት፣ አቡነ ዮሴፍ አካባቢና ደቡብ ወሎ ከፍታ ላይ፣ ጥቂት ናቸው።

ዕድላችሁን የሚጨምረው ነገር ግን ይታወቃል። ቀይ ቀበሮ በቡድን ይኖራል፣ የሚያድነው ግን ለብቻው ነው። የሚበላው አይጥና መሰሎቹን ስለሆነ አይጥ ባለበት ሜዳ ላይ፣ በጠራራ ቀን ይዞራል። ጓሳው መሀል የአይጥ ጉድጓድ የበዛበትን ቦታ ፈልጉና ከሩቅ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። እየተከተላችሁ አታሳድዱት። ተራ ቀበሮ ግራጫና ቢጫ የተቀላቀለ ነው። ይህኛው ግን ቀይ ነው፤ ጉሮሮውና ሆዱ ነጭ፣ እግሩ ረጅም፣ አፉ ሹል። ጅራቱ ከሥሩ ነጭ ሆኖ ጫፉ ጥቁር ነው።

ከሁሉ በላይ የሚገድለው በሽታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታና ሌላም ከውሻ የሚመጣ በሽታ አንድ ጊዜ ከገባ ቤተሰቡን በሙሉ ይጨርሳል። ስለዚህ ውሻ ይዛችሁ አትውጡ። የእናንተ ውሻ የተከተበ ቢሆንም አትውጡ። ይህን ስጽፍ እየለመንኩ ነው።

ጭላዳና ዝንጀሮ ያው አይደሉም?

አይደሉም። ጭላዳ ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ አለው። ቁጭ ብሎ በጣቱ ሣር እየነጨ ነው የሚውለው። ማታ ገደል ወርዶ ያድራል፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ይወጣል። ስለዚህ ንጋት ላይ የገደሉን አፋፍ ያዙ። ከኢትዮጵያ ውጭ የሚኖር ጭላዳ የለም።

ምግብ አትስጡ። ገብሱ ውስጥ ገብቶ ገበሬው ሲያባርረው ብታዩ ደግሞ ገበሬው ላይ አትቆጡ። የዓመት ቀለቡ ነው።

የወፍ ስም አላውቅም። ከየት ልጀምር?

ከትልልቆቹ። ደሴ ሆቴላችሁ በረንዳ ላይ ሆናችሁ ልትጀምሩ ትችላላችሁ። ምንቃሩ እጅግ ወፍራም የሆነ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ቁራ ታያላችሁ። እንዲህ ያለው ቁራ የእኛው ቀጠና ብቻ ነው፤ ለሌላው ዓለም ብርቅ ነው። ግራጫ ሆኖ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት እርግብም እንዲሁ። ሜዳ ላይ በቡድን ሆኖ የሚለቅም፣ ረጅም ጎባጣ ምንቃር ያለው፣ ሲነሳ ክንፉ ላይ ነጭ የሚያሳይና ሰፈሩን በጩኸት የሚያውክ ትልቅ ጥቁር ወፍ አለ፤ እሱም የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ልጅ ነው። ገደል አጠገብ ደግሞ ከአገጩ ሥር ጢም የመሰለ ጥቁር ላባ ያለው ግዙፍ አሞራ ይዞራል። አጥንት ከፍ አድርጎ ወስዶ ድንጋይ ላይ ይለቅና ሲሰበር ወርዶ ይበላል።

ደጋው ላይ ውሃ ያለበት መስክ ካገኛችሁ ክንፉ ላይ ሰማያዊ ያለውን ዝይ ፈልጉ። ራሱን ወደ ኋላ ጀርባው ላይ ጥሎ ይራመዳል። ቁልቁለቱ ላይ ንጋት ላይ የሚጮኸው ቆቅ ነው፤ እሱን እረኛው ሁሉ ያሳያችኋል።

ስልካችሁ ላይ ሜርሊን የተባለውን ነጻ የወፍ መለያ አፕ ጫኑ። የአገራችንን ወፎች ዝርዝር ግን ኔትወርክ ባለበት፣ ከመነሳታችሁ በፊት አውርዱ። ተራራው ላይ ሆናችሁ ላውርድ ብትሉ አይሆንም። ማስታወሻ ደብተርም ያዙ። ያያችሁትን ወፍ መጠን፣ የምንቃሩን ቅርጽና የቆመበትን ቦታ ጻፉ። ቀለም በብርሃን ያታልላል፣ ምንቃር ግን አያታልልም።

ምን ዓይነት መነጽር ልግዛ?

8×42 የሚል የተጻፈበትን ምረጡ። 8 ማለት ስምንት ጊዜ ያቀርባል ማለት ነው። 42 የፊተኛው መስታወት ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ጫካ ውስጥ ብርሃን ትንሽ ስለሆነ ሰፊው መስታወት ይረዳል። 10 ጊዜ የሚያቀርበው እጅ ሲንቀጠቀጥ አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ የሚያሳየው ስፋትም ጠባብ ነው። ለገደልና ለሰፊ ሜዳ ጥሩ ነው፣ ለጀማሪ ግን አይደለም። ካቅም በላይ ከሆነ ተዋሱ። ያለ መነጽርም ሐይቁ ዳር ብዙ ይታያል።

ከውጭ ይዛችሁ የምትመጡ ከሆነ ጉምሩክ ላይ ሊጠይቋችሁ ወይም ሊይዙባችሁ ስለሚችሉ አስቀድማችሁ አጣሩ። ድሮን ያለ ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም ክልክል ነው። ፈቃድ ቢኖራችሁም ተዉት። ባለፉት ዓመታት እዚህ አገር የድሮን ድምፅ ለሰው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

መሪ መያዝ ግዴታ ነው?

ፓርክ ውስጥ ከስካውት፣ ማለትም ከፓርኩ ጠባቂ፣ ጋር ግቡ። መግቢያውንና ክፍያውን ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ከፓርክ ውጭም ቢሆን የአካባቢውን ሰው ሳትይዙ መነጽር አንጠልጥላችሁ ገጠር አትግቡ።

ነገሩን ከአገሬው በኩል እዩት። የማያውቀው ሰው መጥቶ ኮረብታ ላይ ቆሞ ወደ ቤቱ አቅጣጫ በመነጽር ያያል። በዚህ ዘመን ማን አይጠረጥርም? መጀመሪያ ሰላምታ ይቅደም። «ሰላም ዋላችሁ ወይ፣ አባባ» ብላችሁ ቁሙ። ማን እንደሆናችሁና ለምን እንደመጣችሁ ተናገሩ። መነጽሩን አውልቃችሁ ስጧቸው፣ ይዩበት። ቆቁን አንዴ በመነጽር ያዩ አባት ከዚያ በኋላ እሳቸው ናቸው መሪያችሁ። «አብሽሩ» ብለው ራሳቸው የጉሬዛውን ማደሪያ ያሳዩዋችኋል። ጫካውን ልቅም አድርጎ የሚያውቀው እረኛው ነው። ልጅ ቢሆንም ላጠፋው ጊዜ ክፈሉት፤ ከትምህርት ቤት ግን አታስቀሩት።

ቡና ከተጠራችሁ እምቢ አትበሉ። ሦስተኛውን ስኒ ሳትጠጡ ለመነሳትም አትቸኩሉ። እዚያ የምትሰሙትን ማንም መጽሐፍ አይነግራችሁም።

አቡነ ዮሴፍን ለመውጣት ምን ያስፈልጋል?

ጊዜ። ላሊበላ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ጫፉ ደግሞ ከ4,200 በላይ። በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ለወፍ አይሆንም። ከላሊበላ አስጎብኚ ያዙ፣ ዕቃችሁን በበቅሎ ጫኑ፣ ቢያንስ አንድ ሌሊት ከላይ እደሩ። በላስታና በመቄት የአካባቢው ማኅበረሰብ የሚያስተዳድራቸው ማረፊያዎች ነበሩ። የትኞቹ ሥራ ላይ እንዳሉ ላሊበላ ስትደርሱ አጣሩ።

ልብስና ስንቅስ?

ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ማታ ውርጩ ይገባል። በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው በከንቱ አይደለም። ደራርባችሁ ልበሱ። ጋቢ አይቅር። ከ3,000 ሜትር በላይ ማደር ካሰባችሁ ጥሩ የመኝታ ከረጢት ወይም ቡልኮ ያስፈልጋል። ቀለሙ ደብዛዛ ይሁን፦ ቡናማ፣ ግራጫ። ነጭ ጃኬት ከሩቅ ያስታውቃል። ጫማችሁ የተለማመዳችሁበት ይሁን።

ስንቅ በሶና ቆሎ ይበቃል። አይበላሽም፣ አይከብድም፣ ያጠግባል። ጾም ወይም ረመዳን ከሆነ ገጠር ውስጥ ቀን ላይ የምትፈልጉትን ምግብ ላታገኙ ትችላላችሁ፤ ይህን አስባችሁ ያዙ። የስልክ ቻርጅ በፓወር ባንክ፣ ብር በጥሬው።

ስለ ጤና ምን ልጠንቀቅ?

ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የእንቅልፍ እጦት ሊመጣ ይችላል። ቀስ በሉ፣ ውሃ ጠጡ። ካልተሻለ ወይም ማሳልና መደናገር ከመጣ ውረዱ። ነገ እናያለን አትበሉ።

ከ2,000 ሜትር በታች፣ በተለይ ከክረምት በኋላ፣ ወባ አለ። ጨፋና ኮምቦልቻ ስታድሩ አጎበር ይኑር። ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ትንሽ ጭረት ናት ብላችሁ አትተዉት።

ልጆችና ወላጆቼን ይዤ መሄድ እችላለሁ?

ሐይቅና ሐርዲቦ ለሁሉም ይሆናሉ። የጎፍ ታችኛው ክፍልም ለልጆች ጥሩ ነው። እናት አባታችሁን ከ3,000 ሜትር በላይ ከመውሰዳችሁ በፊት ልብና ግፊታቸውን አስመርምሩ። ለልጅ መነጽር ከመስጠት ደብተርና እርሳስ ስጡት። ወፉን ሲስል ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ፎቶ ሳነሳ ወፉ እንዲቀርብ ድምፁን በስልክ ባጫውትስ?

አታጫውቱ። ወፉ የሚመጣው ግዛቱን ሌላ ወፍ የወረረበት መስሎት ነው። ጎጆውን ትቶ፣ መብላቱን ትቶ ይሟገታል። ጎጆ ካገኛችሁም ቅርንጫፍ አትግለጡ፤ እናንተ ከፍታችሁ የሄዳችሁትን ቁራው አይቶ ይገባበታል። ሰው ስታነሱ ደግሞ አስፈቅዱ። ወታደር፣ ኬላና ድልድይ አታንሱ።

ያየሁትን ዝርዝር ምን ላድርገው?

ኢበርድ የሚባል የወፍ መዝገብ አለ፣ ነጻ ነው። ቦታውን፣ ቀኑንና ያያችሁትን አስገቡ። ከወሎ የሚገባ መዝገብ ከባሌና ከስምጥ ሸለቆ ጋር ሲተያይ ጥቂት ስለሆነ አንድ ጠዋት የጻፋችሁት ዝርዝር ዋጋ አለው። ቀይ ቀበሮ ወይም የጎጆ ቦታ ካያችሁ ግን ትክክለኛውን ቦታ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትለጥፉ። ለፓርኩ ስካውት ብቻ ንገሩ።